ጣት የነካው፣ ስልክ የሰማው

በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሴንት ፖልም ይሁን በሚኒያፖሊስ፣ ከአንድ የሐበሻ ቤት ገብቶ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ የተቀመጠ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ አይወጣም፦ «ነካሁት እኮ! እምቢ አለኝ።» ተናጋሪዋ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናቸው። ስልኩን የሚቀበላቸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ልጁ ያንኑ ቦታ አንድ ጊዜ ነካ ሲያደርገው ይከፈታል፤ «እማዬ፣ አነካክሽ እኮ ነው!» ይልና መልሶ ይሰጣቸዋል። እናትም ያምናሉ። ይህ ዓምድ ዛሬ የሚሟገተው ከዚህች መልስ ጋር ነው።

ሙግቱ ለጨዋታ አይደለም። «አነካክሽ ነው» ሦስትና አራት ጊዜ የተባሉ እናት ውለው አድረው ስልኩን ከነምስጢር ቁጥሩ ለሌላ ሰው ማስረከባቸው አይቀርም፤ ለልጅ፣ ልጅ ሥራ ከሄደ ለጎረቤት ልጅ። ከዚያ ወዲያ የሐኪሙ ቀጠሮ፣ የባንኩ ሒሳብ፣ ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ሁሉ በሰው ጣት ያልፋል። ለእህታቸው ስንት እንደሚልኩ፣ ለየትኛው የሙት ልጅ ደብተር እንደሚገዙ ከገዛ ልጆቻቸው ሰውረው የኖሩ ሴቶች አውቃለሁ። አሁን የጎረቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «እምቢ አለኝ» ሲሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መርምሮ መለየት ተገቢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዛሬው ስልክ መስታወት ሥር በዓይን የማይታይ የኤሌክትሪክ መረብ ተዘርግቷል። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ጣት ሲጠጋ በዚያ ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ ክምችት ይለወጣል፤ ስልኩም ለውጡን ይለካል። በጥር ብርድ አውቶቡስ እየጠበቀ በሱፍ ጓንት ስልኩን የሚደበድብ ሰው የማይሳካለት ለዚህ ነው፤ ሱፉ ገላውን ከመረቡ ያርቀዋል። ጓንቱ ሲወልቅ ደግሞ መረቡ የሚያገኘው ስፋቱ ወደ አንድ ሳንቲሜትር የሚጠጋ የጣት ሆድ ነው። ስልኩ ይህን ሁሉ ስፋት አጣጥፎ መካከሉ ላይ አንዲት ነጥብ ያስቀምጣል፦ ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል። ከዚህ በኋላ ጣትዎ ተረሳ። እርስዎ «ላክ» የሚለውን ቃል ነካሁ ይላሉ፤ ስልኩ የያዘው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሙያው እምብርት ነው፦ ይህች ነጥብ የማን ናት? ፕሮግራም ጸሐፊዎች ፍለጋውን ሂት ቴስት ይሉታል።

ጥያቄው ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1957 ሚኒያፖሊስ ላይ የተቋቋመውና በኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከአየር ማረፊያው ብዙም በማይርቀው በብሉሚንግተን ያደረገው ኮንትሮል ዳታ የተባለ የኮምፒዩተር ኩባንያ፣ በዊልያም ኖሪስ አመራር ፕላቶ የተሰኘውን የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ከ1976 ጀምሮ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ፕላቶ የተወለደው በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ በዶናልድ ቢትዘር እጅ ነው። በ1972 የወጣው አራተኛው ፕላቶ በጣት የሚነካ ስክሪን ነበረው። ልብ ይበሉ፣ አይፎን ገበያ የወጣው በ2007 ነው፤ 35 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው።

የፕላቶ አሠራር ዛሬ ሲያስቡት ያስቀናል። በስክሪኑ ጠርዝ ዙሪያ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ጨረር በ16 መስመር ወርድና በ16 መስመር ቁመት ይተላለፋል። ጣት ሲገባ አንድ የወርድና አንድ የቁመት ጨረር ይቋረጣል፤ የተነካው ቦታ ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። ጨረሩ ጣትም ይቁረጠው፣ እርሳስም፣ የሱፍ ጓንትም ግድ የለውም (ለሚኒሶታ የሚስማማውስ እርሱ ነበር!)። ሥዕሉ በ512 በ512 ነጥብ የሚሣል በመሆኑ እያንዳንዱ የሚነካ ክፍል 32 በ32 ነጥብ ይሸፍናል፤ በጠቅላላው 256 ክፍል። ትምህርቱን የሚያዘጋጀው መምህር የትኛው ክፍል የምን እንደሆነ ይወስናል፤ ከአንድ ክፍል ያነሰ ነገር ይነካልኝ ቢል ግን መሣሪያው አይፈቅድለትም። የዛሬው ስልክ ነጥቡን እጅግ አጥርቶ ይለያል። ለፕሮግራም ጸሐፊውም የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁልፍ እንዲያስቀምጥ ፈቅዶለታል። የእናቶቻችን ጣት ግን በዚያው በ1972 ውፍረቱ ላይ ነው።

ወደ ፍለጋው እንመለስ። ስልኩ የነጥቧን ባለቤት የሚፈልገው ድሮ አዲስ አበባ ላይ ሰው በሚፈለግበት መንገድ ነው፦ ከፍተኛ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። አይፎን ላይ ከሁሉ በላይ ያለው መስኮት «ነጥቧ በክልሌ ውስጥ ናት?» ብሎ ይጀምራል። ከሆነች በሥሩ ያሉትን ክፍሎች ይጠይቃል፤ እነርሱም የየራሳቸውን ልጆች ይጠይቃሉ፤ እንዲህ እየተባለ ነጥቧ ያረፈችበት፣ ከሁሉ ውስጥ ያለው ክፍል ሲገኝ ባለቤቱ እርሱ ይሆናል። ባለቤት የተባለው «ጉዳዩ አይመለከተኝም» ቢል ደግሞ አቤቱታው ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከቤት ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ የሚቀበል እስኪገኝ። ሁለት ክፍሎች ተደራርበው ነጥቧ ለሁለቱም ብትደርስ ቀድሞ የሚጠየቀው በኋላ የተጨመረው ነው፤ ከላይ የተነጠፈው እርሱ ነውና። ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው እንዲሉ።

እንግዲህ «እምቢ አለኝ» የሚመጣው ከዚህ ሰንሰለት ነው። አንዳንድ ቁልፍ የሚሣለው ከቀበሌው ድንበር አልፎ ነው። ቤቱ ለዓይን ይታያል፣ በሩ ይታያል፣ ቀለሙ ያምራል፤ የቀበሌው መዝገብ ግን አያውቀውም፤ ነጥቧ ከክልሉ ውጭ ስለሆነች ቀበሌው ልጆቹን ሳይጠይቅ ፍለጋው ያልፋል። እናት መቶ ጊዜ ቢያንኳኩ የሚከፍት የለም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ቀለም የሌለው ሰሌዳ ከቁልፉ በላይ ተነጥፎ ይቀራል፤ በጠረጴዛ ልብስ ላይ እንደምናለብሰው ላስቲክ ማለት ነው። ሥሩ ያለው ጥልፍ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እጅ የሚነካው ላስቲኩን ነው። ሁለቱም የፕሮግራም ጸሐፊው ጥፋቶች ናቸው። በእነዚህስ ልጁም ቢነካ አይከፈትለትምና እናት በነጻ ይወጣሉ።

የሚከፋው ሦስተኛው ነው፤ ለልጁ ይሠራል፣ ለእናት አይሠራም። አብዛኛው ቁልፍ ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተት ገጽ ውስጥ ይኖራል። ጣት ሲያርፍ ቁልፉ ባለቤት ተብሎ ይመዘገባል፤ ገጹ ግን እንደ ጠርጣራ አባት ከላይ ሆኖ ያያል። ጣቱ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ «ይህስ መንሸራተት ነው» ብሎ ጉዳዩን ከልጁ ይነጥቃል፤ ለቁልፉም ተሰርዟል የሚል መልእክት ይደርሰዋል። «ትንሽ» የሚባለው ምን ያህል ነው? በአንድሮይድ ልማዱ 8 ነጥብ ነው፤ የአንድሮይድ መለኪያ 160ው ነጥብ አንድ ኢንች ስለሚሆን ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ጣት በመስታወት ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል፣ ቀጥ ብሎ ይነሣል። የሰባ ዓመት ጣት፣ ሪህ የያዘው፣ ዕድሜ ልኩን ወጥ ሲያማስልና እንጀራ ሲያወጣ የኖረ ጣት፣ ሲያርፍ ያን ታህል ይንሸራተታል። ስልኩም የሰማው «ግፋ» የሚል ነው፤ «ክፈት» የሚለውን ጭራሹን አልሰማም። እናት ነክተዋል። ነካሁት ማለታቸው እውነት ነው።

ረጅም መጫንም አለ። ጣት ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ከቆየ ብዙ ጊዜ ሌላ ትእዛዝ ይሆናል፤ ዝርዝር ይከፈታል፣ ምልክቶች መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ተረጋግቶ በጥንቃቄ መንካት በስልክ ዓለም ያስቀጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን ቦታ የሚቀይር ቁልፍ ይመስለኛል። ገጹ ገና እየተጫነ ሳለ «ሰርዝ» የሚለውን ሊነኩ ጣትዎን ይሰዳሉ። ከዓይን እስከ ጣት ጥቂት የሴኮንድ ክፋይ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት አንድ ማስታወቂያ ከላይ ይገባና ገጹን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጣትዎ ሲያርፍ በዚያ ቦታ ያለው «ላክ» ነው። ስልኩ የሚጠይቀው ጣቱ ባረፈባት ቅጽበት በነጥቧ ላይ ማን አለ ብሎ ነው፤ ሰውየው ሲወስን ያየው ማንን ነበር ብሎ አይጠይቅም። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል፤ ካርታውን ሊያሰፉ ጣት ሲሰዱ የአዲስ ተሳፋሪ ጥሪ ብቅ ይልና አራት ማይል ርቆ ያለ መንገደኛ ይቀበላሉ። በሚኒሶታ ከኦገስት 1 ቀን 2019 ጀምሮ የጸናው ሕግ ነጂው ስልክ ሳይይዝ በድምፅ ወይም በአንድ ንክኪ ብቻ እንዲያዝ ነው የሚፈቅደው። አንዱ ንክኪ የማይፈለግ ቦታ ካረፈ ሁለተኛውን ለማረም መንካት ከሕጉ መንፈስ ይወጣል፤ ሕግ አውጪዎቹ ይህን አስበውበት ይሆን?

መቼም ከመጥፎው መሐል አንድ ደግ ነገር አለ፤ ይህን ቆርጠው ለእናትዎ ያንብቡላቸው። አብዛኛው ቁልፍ ሥራውን የሚጀምረው ጣት ሲያርፍ አይደለም፣ ሲነሣ ነው። የማይፈልጉትን ቁልፍ ነክተው ከደነገጡ ጣትዎን አያንሡ። መስታወቱን ሳይለቁ ወደ ባዶ ቦታ ራቅ አድርገው ያንሸራቱትና እዚያ ያንሡ፤ ቁልፉ ይተወዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ጣት እስካልተነሣ ግን ቃሉ ገና አፍ ውስጥ ነው።

ይህ የሚሆነው ስልኩ አንድ ጽኑ ደንብ ስላለው ነው፦ ጣት መጀመሪያ ያረፈበት ክፍል፣ ጣቱ እስኪነሣ ድረስ የዚያ ንክኪ ባለቤት ሆኖ ይቆያል፤ ጣቱ ከክልሉ ወጥቶ ሌላ ክፍል ላይ ቢሄድ እንኳ። ድምፅ መቀነሻዋን ቀጭን መስመር ሲጎትቱ ጣትዎ ከመስመሩ ቢወርድም ድምፁ መታዘዙን የማያቆመው በዚህ ደንብ ነው። ደንቡ ለዚያ ጥሩ ነው። ለፊደላችን ግን ጣጣ አለው፤ የዚህን ማስረጃ ያገኘሁት ከማውቀው አንድ ወጣት ነው።

ወጣቱ እዚህ ተወልደው አማርኛ ለሚማሩ ልጆች የፊደል ገበታ ሠርቷል፤ ልጁ ሲነካ ፊደሉ ድምፅ ያሰማል። ገበታው እንደሚታወቀው 33 ረድፍ በ7 ነው፣ 231 ፊደል። (በቁጥር ብቻ ከሄድን የፕላቶ 256 ክፍል ገበታውን ይዞ 25 ይተርፈው ነበር።) ጎግል ለአንድ የሚነካ ነገር የሚመክረው መጠን በጎኑ 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አፕል ከዚያ ጥቂት ያንሳል። ሰባቱ ፊደል በ9 ሲባዛ 63 ሚሊሜትር፤ የስልኩ ወርድ በልኩ ይበቃል። አባቶቻችን ገበታውን በሰባት ሲወስኑ ስልክን ያሰቡ ይመስላል። ቁመቱ ግን 33 ጊዜ 9፣ ሠላሳ ሳንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ገበታው መንሸራተት አለበት፤ ከተንሸራተተም ያ ጠርጣራ አባት መጣ ማለት ነው።

ወጣቱ 231 ቁልፍ ከመሥራት አንድ ሰሌዳ ሠርቶ ባለቤቱን በሒሳብ መፈለግን መረጠ፦ የወርዱን ቁጥር ለ9 ማካፈል ዓምዱን፣ የቁመቱን ለ9 ማካፈል ረድፉን ይሰጣል። ብልህ ዘዴ ነው። ነገር ግን ገጹ ምን ያህል እንደተንሸራተተ መደመር ተረሳ። ገበታው አሥር ረድፍ ወደ ላይ ከተሳበ በኋላ ሕፃኑ «ተ»ን ሲነካ ስልኩ «ሀ» ይላል፤ «ቸ»ን ሲነካ «ለ»። ሕፃኑ ምን ያውቃል? የተነገረውን ያጠናል! ስሕተቱን ያገኘው አንድ አያት አጠገብ ተቀምጠው ሲሰሙ ነው። የተንሸራተተውን ደምሮ አስተካከለው።

ቀጥሎ ያንን ጽኑ ደንብ ተጋፈጠ። የፈለገው ልጁ ጣቱን ከ«ለ» ሳያነሣ ወደ ቀኝ እየጎተተ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ እንዲሄድ ነበር፤ የኔታ በስንደዶ እያመለከቱ እንደሚያስቆጥሩት። በዚህኛው ሥሪት እያንዳንዱን ፊደል የራሱ ክፍል አድርጎ በድረ ገጽ ቋንቋ ጽፎት ስለነበር፣ ጣቱ ሰባቱን ቤት ቢዞር ስልኩ የሚነግረው ባለቤት ያው «ለ» ሆነ። ለ፣ ለ፣ ለ፣ ለ። ሁለት ሌሊት ታገለው። መፍትሔው ጥያቄውን መለወጥ ነው፦ ንክኪው የተጀመረው በማን ላይ ነው ማለትን ትቶ፣ ጣቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የአሁኑን ሁለት ቁጥር ይዞ በዚህ ነጥብ ላይ አሁን ማን አለ ብሎ ገጹን እንደገና መጠየቅ። ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ። እግረ መንገዱንም ወደ ጎን መጎተትን ለፊደሉ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መጎተትን ለገጹ አካፈለ። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚነሣው ይህንኑ የፊደላችንን ብዛት ከጥቂት መምቻዎች ጋር ለማስታረቅ በመድከማቸው ነው። ድካሙ አላለቀም፣ መሣሪያው ነው የተለወጠው።

አሁን ለእናቶች የሚጠቅመውን ልናገር። ስልኩ አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ተች፣ ከዚያ ተች አኮሞዴሽንስ የሚል ይገኛል። እዚያ ጣት ምን ያህል ከቆየ በኋላ እንደ ንክኪ ይቆጠር፣ ተደጋጋሚ ንክኪ ይታለፍ ወይ የሚሉትን መወሰን ይቻላል። ከሁሉ የምወደው ታፕ አሲስታንስ የሚለውን ነው፤ ጣቱ ቢንሸራተትም ባለቤቱ መጀመሪያ ባረፈበት ቦታ ይፈለግ ወይስ በተነሣበት ቦታ ብሎ ያስመርጣል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ የመጀመሪያው፣ ፈልገው ለሚያገኙ ሁለተኛው ይስማማል። አንድሮይድ ላይም በአክሰሲቢሊቲ ሥር ረጅም መጫን የሚባለው ስንት ጊዜ እንዲሆን ከአጭር፣ ከመካከለኛና ከረጅም መምረጥ ይቻላል። ረጅሙን ያድርጉላቸው። የዚህ ሁሉ ወጪ አሥር ደቂቃ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ያለው ልጅ ይሠራዋል።

የቀረው ለእናንተ ለወጣት ፕሮግራመሮቻችን ነው፤ ገንዘብ መላኪያም ሆነ የዕድር መዋጮ መሰብሰቢያ የምትሠሩ ጥቂት አይደላችሁም። «ላክ» የሚለው ቁልፍ በሚንሸራተት ገጽ ውስጥ አይኑር፣ ከታች ብቻውን ይቁም። ጣት ባረፈበት ቅጽበት ቀለሙ ይለወጥ፤ ምንም ለውጥ ያላዩ እናት ሁለተኛ ጊዜ ይነካሉና። አንድ ጊዜ ከተነካ በኋላ መልስ እስኪመጣ ሁለተኛውን አይቀበል፤ አለዚያ አንድ መቶ ዶላር ሁለት መቶ ሆኖ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ገጹ ተጭኖ ሳያልቅ ቁልፉ አይታይ። የሚታየው ጽሑፍ ትንሽ ቢሆንም የሚነካው ክልል ሰፊ ይሁን፤ ሁለቱ እኩል መሆን እንደማይገባቸው ታውቃላችሁ። በ«ላክ» እና በ«ሰርዝ» መካከልም ቢያንስ የአንድ ጣት ስፋት ባዶ ቦታ ተዉ።